ዲዛይኑ መደርደሪያ ላይ፣ ሕዝቡ ጭቃ ውስጥ

ወገን፣ ዛሬ የማወራው ስለ ቱቦ ነው። አዎ፣ መንገድ ሥር ስለሚቀበረው የሲሚንቶ ቱቦ። «ሀገር እዚህ ደርሳ ስለ ቱቦ?» የምትል ካለህ፣ እስከ መጨረሻው አንብብና ጉዳዩ የሀገር መሆን አለመሆኑን አንተው ፍረድ።

ሐምሌ ሲገባ በየገጠር ቀበሌው የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በግንቦት ሪባን የተቆረጠለት መንገድ ሁለት ትልልቅ ዝናብ አይችልም፤ ይቆረጣል። ባጃጁ ይቆማል። ማዳበሪያ የጫነው አይሱዙ ማጥ ውስጥ ተቀብሮ ያድራል። ምጥ የያዛት እህታችን በቃሬዛ ትወጣለች፤ ወንዙ ሞልቶ ከሆነ ደግሞ ቃሬዛው ዳር ላይ ተቀምጦ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃል። ተማሪው ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ይሻገራል። የማይሻገርበትም ቀን አለ። ከዚያ አንድ ኃላፊ ይመጣና «ከአቅም በላይ የሆነ የተፈጥሮ አደጋ ነው» ብሎ ይሄዳል።

የምን የተፈጥሮ አደጋ! ክረምት እኮ በየዓመቱ ወሩን ጠብቆ ነው የሚመጣው። ማን ነው ሐምሌን አላውቀውም የሚል? መንገዱን የቆረጠው ሳይሠራ የቀረ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡን እዚሁ እንሥራው፣ ከባድ አይደለም። ወደ መንገዱ ውሃ የሚያወርደው ተራራና ማሳ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል እንበል። ኃይለኛው ዝናብ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ይጥላል እንበል። መሬቱ የሚመጠውን መጥጦ 40 በመቶው ይፈሳል እንበል። መንገዱ ላይ የሚደርሰው ጎርፍ በሴኮንድ 6.7 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አሁን በየቦታው የምናየውን ባለ 90 ሳንቲ ሜትር ቱቦ አንድ ብቻ ቅበር። ውሃው በሴኮንድ 2 ሜትር ቢሮጥለት እንኳ የሚያሳልፈው 1.3 ሜትር ኩብ አይሞላም። የቀረውስ? ከአምስት እጅ አራቱ የሚሆነው ጎርፍ በመንገዱ አናት ላይ ይሄዳል፤ ሲሄድም መንገዱን ይዞት ይሄዳል። በቃ፣ «የተፈጥሮ አደጋ» የተባለው ይሄ ነው። ሃይድሮሎጂ የተማረ ማንኛውም የሲቪል ተማሪ በስልኩ ካልኩሌተር የሚደርስበት ቁጥር!

ታዲያ ይህን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ሀገሪቱ ውስጥ ጠፍቶ ነው?

ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለን። ለዓመታት 70 በ30 እየተባለ አብዛኛው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ተላከ። ሲቪል ኢንጂነሪንግ 5 ዓመት ነው፦ ቅየሳ፣ የአፈር ምርመራ፣ ሃይድሮሎጂ፣ የመንገድ ዲዛይን፣ ኮንክሪት፣ ኢንተርንሺፕ፣ መጨረሻ ላይ ፋይናል ፕሮጀክት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨመረበት። ያን ሁሉ አልፎ የወጣው ልጅ ዛሬ የት ነው? እናቱ ቤት። ዕድል የቀናው ኮብልስቶን ያነጥፋል። ሌላው ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ «የሥራ ልምድ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ» የሚል ወረቀት ፎቶ ያነሳል። እኔም ከእነዚህ አንዱ ነኝ። ልምድ የሚገኘው ሥራ ላይ፣ ሥራ የሚገኘው በልምድ! ይሄን እንቆቅልሽ የፈታ ሰው ካለ ሀገር ስጡት።

ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ችግሩ ከምርቃት በኋላ የሚጀምር አይደለም። ግቢ ውስጥ ነው የተጀመረው።

ፋይናል ፕሮጀክት ማለት ሙሉ ዲዛይን ነው። አራት አምስት ልጅ ይመደባል፣ አድቫይዘር ይሰጠዋል፣ ወራት ይደክማል፣ ስዕል ያወጣል፣ የሥራ ዝርዝርና ዋጋ ያወጣል፣ ዲፌንስ ያደርጋል። ይህ ሁሉ ድካም የት ይሄዳል? አንዱ ቡድን ጂ ፕላስ ሰባት ይሠራል፣ ሌላውም ጂ ፕላስ ሰባት ይሠራል። ባለቤት የሌለው፣ ቦታው የማይታወቅ፣ መቼም የማይገነባ ሕንፃ። የእኛ ቡድን «መንገድ ይሻለናል» ብሎ መንገድ መረጠ። የቅየሳ ዳታው በሰው በሰው ከአንድ አማካሪ ድርጅት የተገኘ ነበር። መንገዱ ግን ተሠርቶ መኪና ሲመላለስበት ዓመታት ሆኖታል! ያለቀ መንገድ እንደገና ዲዛይን አደረግን፣ ጥያቄ መለስን፣ ውጤት ተሰጠን። ከግቢው አጥር ጀርባ ያለው ሰፈር ደግሞ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ለሁለት ይከፈል ነበር። «ለዚያች ጎርፍ አንድ ነገር አስቡላት» ያለን ሰው የለም። ጥራዛችን ዛሬም መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል፤ ሰፈሩም ውሃውን ይጠጣል።

እስቲ አስበው። አንድ ዲፓርትመንት በዓመት 60 ልጅ ያስመርቃል እንበል። በአምስት በአምስት ቢመደቡ 12 ቡድን ነው። ግማሹ ብቻ በአካባቢው ችግር ላይ ቢሠራ በዓመት 6 ዲዛይን፣ በ10 ዓመት 60። 60 መሻገሪያ፣ 60 የሰፈር ቦይ፣ 60 የቀበሌ መንገድ! ይህ የአንድ ዲፓርትመንት ብቻ ነው። በየዓመቱ ምን ያህል ነገር መደርደሪያ ላይ እንደምንቀብር አሁን ገባህ?

ውጤቱ ምን እንደሚመስል ላሳይህ። ሰባራ ድልድይን ታውቀዋለህ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን፣ ዓባይ ላይ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ጎጃምን ከጎንደር ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይተላለፍበት ተሰበረ። እዚህ ድረስ ኩራት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለ60 ዓመት ገደማ ሕዝቡ በገመድ ተሻገረ። ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ሰዎች ገመድ ይዘው፣ ተሻጋሪውን ከዓባይ በላይ አንጠልጥለው ይጎትቱት ነበር። በፈረንጆቹ 2001 አንድ አሜሪካዊ ይህንን ፎቶ መጽሔት ላይ አየ። አላስቻለውም። ባልደረቦቹን ሰብስቦ መጣና ክፍተቱን በብረት አሻገረው። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባለውና ዛሬ በሌሎች አገሮችም የእግረኛ ድልድይ የሚሠራው ድርጅት የተወለደው ከዚያ ፎቶ ነው።

ሰውየውን አመሰግነዋለሁ፣ ከልቤ። ግን ይቆጨኛል። አዲስ አበባ ላይ የምህንድስና ኮሌጅ የተከፈተው በ1940ዎቹ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት ልጅ ድልድይ ዲዛይን አድርጎ ተመረቀ? ስንቱስ በሰባራ ድልድይ ላይ ሠራ? የእኛን ገመድ ለማየት የሰው አገር መጽሔት ያስፈልገናል እንዴ?

ይህ ሕዝብ መንገድ መሥራት አዲስ ነገር ሆኖበት አያውቅም። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲሄድ ሴባስቶፖልን ይዞ ነበር፤ ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ፣ በሰው ጉልበት የሚጎተት። የጅጣንና የበሽሎን ገደል ያየ ሰው ያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። መንገድ አልነበረም፤ ስለዚህ መንገድ ሠራ። ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ከወታደሮቹ ጋር ራሱ ድንጋይ ይፈነቅል ነበር። ሊወጋው የመጣው የእንግሊዝ ጦር ሳይቀር በዚያው መንገድ ተጠቅሟል። ዛሬ የቴዎድሮስን ፎቶ ፕሮፋይል አድርጎ የሰፈሩን ቦይ የማያውቅ ስንት አለ? ፎቶው ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ድንጋዩስ?

ቅርብ ዘመን እንምጣ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ሥርዓት ጀምሮ ነበር። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ ያገለግላል፤ አብዛኛው አስተማሪ ሆኖ። በዚያን ጊዜ አንድ ዩኒቨርሲቲ ይዘን የተቻለ ነገር ዛሬ 40 ዩኒቨርሲቲ ይዘን አቃተን? በብዙ ዞኖች ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በሩ ላይ «የማህበረሰብ አገልግሎት» ተብሎ ተጽፏል። ማህበረሰቡ እኮ በሩ ላይ ጭቃ ውስጥ ቆሟል፣ አገልግሉት!

አሁን ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አንድ በአንድ እንየው።

«ተማሪ ይሳሳታል፣ ድልድይ ቢወድቅስ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ተማሪ ይፈርም አላልኩም። ተማሪው ይቀይስ፣ ያስላ፣ ይሳል፤ መምህሩ ያርም፤ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ፈትሾ ይፈርም። የዓባይን ግድብ ስጡን አላልንም። የሰፈር ቦይ፣ ቱቦ፣ የእግረኛ መሻገሪያ፣ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ ነው ያልነው። ደግሞስ ዛሬ እየተሠራ ያለው በማን ዲዛይን ነው? በግሬደር ኦፕሬተሩ ዓይን! ስህተት የምትፈራ ከሆነ መጀመሪያ ያንን ፍራ።

«መሣሪያ የለም» ይላሉ። ለቀበሌ መንገድ አፈር ለመፈተን ዲሲፒ የሚባል ነገር አለ። ምን መሰለህ? 8 ኪሎ መዶሻ፣ ከ57.5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየለቀቅክ ዘንጉ በየምቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚገባ ትቆጥራለህ። ሦስት ልጅ በእግር ይዞት ይሄዳል። መመሪያውም አለ፤ የመንገዶች ባለሥልጣን አነስተኛ ትራፊክ ላላቸው መንገዶች ለብቻው የዲዛይን ማንዋል ካወጣ ቆይቷል፣ በፈረንጆቹ 2011። በአካባቢ አፈርና ድንጋይ እንዴት እንደሚሠራ ጭምር ይናገራል።

«በጀት የለም» ይላሉ። ይሄ ነው የሚያስቀኝ። በ2003 ዓ.ም. ዩራፕ ሲጀመር ዓላማው ቀበሌን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ማገናኘት ነበር። ጥሩ ዓላማ ነው። ብዙ መንገድም ተከፍቷል፣ አይካድም። ግን የውሃ መውረጃ የሌለው መንገድ ክረምት ከበጋ አያስኬድም፤ በጋ ብቻ ነው የሚያስኬድ። ዋልካ አፈር ላይ ያለ በቂ ገረጋንቲ፣ ያለ ጎን ቦይ፣ መሐሉ ከፍ ሳይል የተገፋ መንገድ ውሃ ያቁራል፣ ያብጣል፣ ይሰምጣል። በዓመቱ ግሬደር እንደገና፣ ነዳጅ እንደገና፣ አበል እንደገና። ሦስት ጊዜ ለመሥራት በጀት አለ፣ አንድ ጊዜ አስልቶ ለመሥራት የለም? ጉልበቱም እኮ አለ፤ በሴፍቲኔትና በዘመቻ ሕዝቡ በነፃም በክፍያም ሲቆፍር ነው የኖረው። የጎደለው የት፣ ምን ያህል ጥልቀት፣ በስንት ተዳፋት እንደሚቆፈር የሚያሳይ አንድ ገጽ ስዕል ነው። ያንን ስዕል ደግሞ እኛ ነን የምንችለው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይሄን ነው፣ በግልጽ፦

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ወረዳ የተቆረጡ መንገዶቹን፣ መሻገሪያ የሌላቸውን ወንዞቹንና የሚጥለቀለቁ ሰፈሮቹን ዝርዝር በየመስከረሙ በአቅራቢያው ላለው ዩኒቨርሲቲ ይስጥ። የፋይናል ፕሮጀክት ርዕስ ከዚያ ዝርዝር ይመረጥ።

ሁለተኛ፣ የተጠናቀቀው ዲዛይን ከዲፌንስ በኋላ ተፈትሾ ለወረዳው በደብዳቤ ይሰጥ። ወረዳውም ሠራሁ ወይም በዚህ ምክንያት አልሠራሁም ብሎ መልስ ይስጥ።

ሦስተኛ፣ ይህንን የሠራ ልጅ ሥራው እንደ ሥራ ልምድ ይቆጠርለት። ዲዛይን ያደረገውን መንገድ ራሱ ይቆጣጠር፤ በክፍያ። «ልምድ የለህም» የሚለውን በር የሚሰብረው ይሄ ነው።

ይህን ለመፍቀድ ከውጭ ብድርም ርዳታም አያስፈልግም። የሁለት ኃላፊዎች ፊርማ ይበቃል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ወደ አንቺም። ግቢ ያለህ ተማሪ፦ ርዕስ ስትመርጥ የሰፈርህን ይዘህ ግባ። አድቫይዘሩ እንቢ ቢል ምክንያቱን ጠይቅ። የተመረቅከውና ቤት የተቀመጥከው፦ ዘንድሮ ክረምት ቁጭ ብለህ አትማረር። ውሃው ሲሞላ ፎቶ አንሳ፣ ቦታውን በስልክህ ጂፒኤስ መዝግብ። ሽማግሌዎቹን «ትልቁ ጎርፍ እስከየት ደርሶ ነበር?» ብለህ ጠይቅ፤ ምልክቱን ያሳዩሃል፤ ከየትኛውም ሶፍትዌር የማታገኘው ዳታ ነው። መስከረም ላይ ዳታውን ይዘህ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ዲፓርትመንቱንም ወረዳውንም አንኳኩ። በጨዋነት፣ ግን ሳትሰለቹ። ሲቪል ያልተማርክ ደግሞ መደብደቢያ መዶሻ መያዝ አያቅትህም፣ ቆጠራ መጻፍ አያቅትህም፣ ደብዳቤ ማርቀቅ አያቅትህም።

ሀገር እወዳለሁ ማለት ቀላል ነው፤ ሁላችንም እንላለን። ሐምሌ ግን መፈክር አያነብም። ቱቦው በቂ ከሆነ ውሃው ያልፋል፣ ካልሆነ መንገዱ ይሄዳል። ያቺ በቃሬዛ የምትወጣ እህትህ ዘንድሮም ወንዝ ዳር ትጠብቅ ወይስ ትሻገር? መልሱ ያለው መደርደሪያው ላይ ነው። እናውርደው።

በየሰፈራችሁ በየክረምቱ የሚቆረጠው መንገድ የቱ ነው? ቀበሌውንና ወረዳውን ኮሜንት ላይ ጻፉ። ዝርዝሩን ማንም ካልጀመረው እኛ እንጀምረዋለን።