ሁሉም ሞት ፈንግል አይደለም

እንጅባራም ሆነ ዳንግላ፣ አንድ ሰፈር ውስጥ ዶሮ ማለቅ ሲጀምር ምርመራው የሚጠናቀቀው በሁለት ቃል ነው፦ «ፈንግል ገባ።» ማን መረመረ? ማንም። ናሙና ማን ወሰደ? ማንም። ቃሉ ከአፍ ከወጣ በኋላ ግን ጉዳዩ ተዘጋ ማለት ነው። የሞተው ይጣላል፣ የተረፈው በጥድፊያ ገበያ ይወጣል፣ ኑሮ ይቀጥላል። ጠቤ ከዚህች ቃል ጋር ነው።

ፈንግል የለም እያልኩ አይደለም። በደንብ አለ። ሳይንሱ ኒውካስል የሚለው በሽታ ነው፤ መንደር ለመንደር የሚዞረውን ዶሮ ሲጨርስ ኖሯል፣ ክትባቱም እዚሁ አገር ውስጥ ቢሾፍቱ ይመረታል። ችግሩ ሌላ ነው። የወፍ ጉንፋን ኃይለኛው ዓይነት አንድ ቀን ቢመጣ መልኩ ያው ፈንግል ነው የሚመስለው። ማታ ደህና የነበረች ዶሮ ጠዋት ሞታ ትገኛለች፣ ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ያስቀምጣታል። የሠለጠነ የእንስሳት ሐኪም እንኳ በዓይኑ ብቻ አይለያቸውም፤ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። በእኛ ሙያ ከሚሰናከል ፕሮግራም ይልቅ የሚያስፈራው ስህተቱን ሁሉ እየዋጠ «የሆነ ችግር ተፈጥሯል» የሚል አንድ መልእክት ብቻ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ከዚያ መልእክት ጀርባ አሥር የተለያየ ብልሽት ሊኖር ይችላል፤ አንተ ግን ሁሌ ያችኑ አንዷን ዓረፍተ ነገር ነው የምታየው። «ፈንግል» እንደዚያ ሆኗል። «የወፍ ጉንፋን አልተገኘም» የሚለው የቢሮ ቋንቋም ከዚሁ ይመዘዛል። ያልተፈለገ ነገር እንዴት ይገኛል?

አንድ ጊዜ ፈትነነው እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 ኤች5ኤን1 የተባለው ቫይረስ ናይጄሪያ ገባ፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ግብፅ ወዲያው ተከተለች፣ በዚያው ዓመት ሱዳንና ጅቡቲም። ልክ በዚያ ሰሞን ጉራጌ ውስጥ ጉብሬ በሚገኝ የመንግሥት ዶሮ ማራቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች አለቁ። ተመረመረ፣ የወፍ ጉንፋን አይደለም ተባለ። እሰየው! ግን ወሬው ከውጤቱ ቀድሞ ገበያ ደርሶ ነበር፤ ሰው ዶሮ መግዛት ፈራ፣ ዋጋ ወደቀ፣ የከሰረችው ዶሮዋን ይዛ ገበያ የወጣችው እናት ናት። ዛሬ ቢሆን ደግሞ ቲክቶክ አለ። (ለነገሩ ዶሮ ወጥ ያን ያህል ሰዓት ተቁላልቶ ቫይረስ አይተርፍበትም። አደጋው ያለው ማረዱ፣ ላባ መንጨቱና መገነጣጠሉ ላይ ነው።)

«ይሄ የጫካ ወፍ በሽታ ነው፣ እኛ ምን አገባን» የሚለውን ክርክር ብዙ ሰምቻለሁ፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የሚያታልለው። የቫይረሱ የጥንት ቤት ዳክዬና መሰሎቿ የውሃ ወፎች ናቸው። ክረምታቸውን ሸሽተው ጣና ዳር የሚከርሙት ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ወፎች ከአውሮፓ ነው የሚመጡት፤ በ2021 መጨረሻ እስራኤል ሁላ ሸለቆ ውስጥ ከ5,000 በላይ ክሬኖች በኤች5ኤን1 ረግፈዋል። ከዳንግላ ባህር ዳር ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሺ፣ ሰማዩ ንጹሕ አይደለም።

ግን ገዳይ የሚሆነው የት ነው? የውሃ ወፎች በአብዛኛው ይዘውት የሚዞሩት ቀለል ያለውን ዓይነት ነው፣ ብዙም አያማቸውም። ኤች5 ወይም ኤች7 የሚባለው ዝርያ ታጉሮ የሚኖር የዶሮ መንጋ ውስጥ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ከአንዷ ወደ ሌላዋ በተላለፈ ቁጥር ራሱን ሲቀዳ ይሳሳታል፤ አንዳንዴ አንዲት ቦታ ላይ ጥቂት ፊደላት ይጨመራሉ፤ በቃ፣ በመተንፈሻና በአንጀት ተወስኖ የነበረው ቫይረስ መላ ሰውነት ውስጥ የሚራባ ይሆናል። በዚያ ላይ ዘረመሉ በ8 ቁርጥራጭ የተከፋፈለ ስለሆነ፣ ሁለት ዓይነት ቫይረስ አንዲት ወፍ ውስጥ ከተገናኙ ቁርጥራጮቻቸውን ተቀያይረው ሦስተኛ ዓይነት ይወልዳሉ። የዛሬው ኤች5ኤን1 የዘር ሐረጉ የሚቆጠረው በ1996 ቻይና ጓንግዶንግ ውስጥ ከተገኘበት የቤት ዝይ ነው። በማግስቱ ዓመት ሆንግ ኮንግ ላይ 18 ሰው ይዞ 6 ገደለ። ከ2003 ወዲህ በዓለም ላይ ከ900 በላይ ሰው እንደያዘ ተመዝግቧል፤ ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። በ2024 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የወተት ላሞች ላይ ተገኘ። ወፎቹ ተሸከሙት እንጂ አላሳደጉትም፤ ያሳደገው የእኛ የሰዎች ጉረኖ ነው።

ስለዚህ ከ2022 ጀምሮ በየሌማት ትሩፋት ስም ጫጩት ለወጣት ሲታደል ደስ ቢለኝም ጥያቄ አለኝ። ሥራ ያጣ ተመራቂ ተበድሮ 200 ዶሮ ቢያስገባ መልካም ነው። ግን ዶሮዎቹ በአንድ ሌሊት ቢያልቁ ማን ጋ ነው የሚደውለው? ናሙናውን በበረዶ አሽጎ ባህር ዳር የሚያደርሰው፣ ከዚያም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተሻግሮ ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚልከው ማን ነው? ጉረኖ ማብዛት ቫይረሱ የሚለማመድበትን ሜዳ ማስፋት ነው። ሜዳውን እያሰፉ ዘበኛ አለመቅጠር ምን ይባላል?

ከሁሉ በፊት የምታየው የቤቷ እመቤት ናት። ባንጃ ወይም ፋግታ ለኮማ ውስጥ አምስት ዶሮ ያላትን አንዲት እናት አስቡ። የዶሮ ገንዘብ የእሷ ገንዘብ ነው፤ ጨው፣ ቡና፣ የልጅ ደብተር። ሁለቱ ሞቱ። ሦስቱን ዛሬውኑ ገበያ ብታወጣ ብር ናቸው፤ ለባለሙያ ብትናገር ግን ተገድለው ይቀበራሉ፣ ጎረቤትም ይቀየማታል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እሷም ትሸጣለች። ፋሲካ ሰሞን ከሆነ ደግሞ እግራቸው ታስሮ መኪና ላይ ከመቶዎች ጋር ተደርድረው በማግስቱ ሌላ ከተማ ያድራሉ። የትኛውም ክሬን እንደዚህ ከቤት ቤት አያዳርስም። ይህን «የግንዛቤ እጥረት» የሚሉ የስብሰባ ሰዎች ያናድዱኛል። ሴትዮዋ ሒሳቡን ከእነሱ በተሻለ ታውቀዋለች፤ የተበላሸው ያቀረብንላት ሒሳብ ነው።

ካሳ ይከፈል ሲባል የሚመጣውም መልስ የታወቀ ነው፦ ሰው ጤነኛ ዶሮውን እየገደለ ይጠይቃል። መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። ለሞተ ዶሮ ምንም አይከፈል። በሕይወት እያለ በበሽታ መከላከል ምክንያት ለሚወገድ ዶሮ ብቻ፣ ከገበያ ዋጋ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በሳምንታት ሳይሆን በቀናት ውስጥ ይከፈል። ያኔ ቀድሞ የደወለ ብዙ ይቀበላል፣ የዘገየ ባዶ እጁን ይቀራል። የናሙናው ውጤትም ፈንግል ሆነም ሌላ፣ ለደወለችው ሴት ተመልሶ ይነገራት። ዋጋውም በሽታ ገብቶ ሰው ከተሸበረ በኋላ ሳይሆን አሁን፣ በገበያ ቀን፣ በአማርኛም በአዊኛም ይለፈፍ።