ስለ ሲጋራው ደንብ የማኅበራችን አቋም ምን ይሁን?

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ፣ ዩኒቨርሲቲው ከተወሰኑ ቦታዎች በቀር በግቢው ደጅም ጭምር ማጨስን የሚከለክል ደንብ ማውጣቱን በመቃወም የሌሎች አገሮች ተማሪዎች በሚያሰባስቡት ፊርማ ማኅበራችንም ይካፈል የሚል ሐሳብ መቅረቡ ይታወሳል። ሐሳቡ በጭብጨባ ሊያልፍ ትንሽ ነበር የቀረው፤ መሽቶ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ እንጂ። በዚያ ምሽት ዝም ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። ዝም ያልሁትም እኔው ራሴ አጫሽ ስለሆንሁ ነው።

የተቃውሞው ዋና መከራከሪያ የግል ነፃነት ነው። እስቲ እንጠያየቅ፦ ከመካከላችን አባቱ ፊት ሲጋራ የለኮሰ ማን አለ? ታላቅ ወንድሙ ከሩቅ ሲመጣ እያየ ሲጋራውን በመዳፉ ሸሽጎ ጣቱን ያላቃጠለስ? ይህን ማንም ጭቆና ብሎ ጠርቶት አያውቅም። አፄ ዮሐንስ ፬ኛ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር ይባላል፤ ያ ዓይነቱ ቅጣት ቢመጣ ፊርማውን እኔ እቀድማለሁ። አሁን የተጠየቅነው ግን ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለን እንድናጨስ ነው።

«ደጅ ከሆነ ጭሱን ነፋስ ይወስደዋል» ያሉም ነበሩ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤት ውጭ የሚጨስ ሲጋራን ጭስ ለክተው ባወጡት ጥናት፣ ከአጫሹ ግማሽ ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው የጭሱ መጠን ቤት ውስጥ ካለው ጋር ሊወዳደር እንደሚችል፣ ከሁለት ሜትር በላይ ለራቀ ግን እጅግ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። እኛ ደግሞ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ነው የምንቀመጠው። ደንቡም ለእኛ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። እዚሁ ቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ከተወሰኑ ቦታዎች በቀር በግቢው ደጅ ማጨስን የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ባገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከበርና ከመስኮታቸው በ10 ሜትር ክልል ማጨስን ይከለክላል።

እንደኔ እምነት ግን በዚያ ምሽት ያስጮኸን ሲጋራው አልነበረም፤ ደረጃው ነው። አዲስ የመጣ ተማሪ ቤት የሚያገኘው እዚያ ነው። ያገር ቤት ወሬ የሚሰማው እዚያ ነው። አምና ከአሠሪዎቿ ቤት ለወጣችው እኅታችን የአውሮፕላን ቲኬት ገንዘብ የተዋጣው እዚያው ደረጃ ላይ ነበር። ደረጃው ከቀረ ማኅበሩ ግማሽ ይሞታል ብለን ፈራን፤ ፍርሃታችንም እውነትነት አለው።

ከስብሰባው በኋላ አንዲት አባላችን ያለችኝን ግን ልጻፈው። «እናንተ ደረጃ ላይ ለመቀመጥ ሁለት ዓመት ፈለግሁ፤ አስሜ ይነሣብኛል። የዚያችን ልጅ መዋጮ እንኳ የሰማሁት ከሄደች በኋላ ነው» አለችኝ። ልጅቷ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ያስተረጎመላት ሰው ጠፍቶ ነበር። ይህች አባላችን ደግሞ አረብኛ ከሁላችንም የተሻለ ትናገራለች።

ሌላም አለ። በየእትሙ ስለ ከፋላ ሥርዓትና በየሰው ቤት ስለሚሠሩት እኅቶቻችን እንጽፋለን። የጣልነውን ቁራጭ በየማለዳው ጎንበስ ብላ ከደረጃው ላይ የምትለቅመው የጽዳት ሠራተኛ ያገራችን ልጅ መሆኗን ግን ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን? (ስለ ባዕድ ከበርቴ አዘውትረው ለሚናገሩት ወንድሞችም ላስታውስ፦ ብሔራዊ የትምባሆ ድርጅታችን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ 40፣ ኋላም ከ70 በመቶ በላይ ድርሻው ለጃፓን ኩባንያ ተሽጧል።)

ደንቡ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ለማጨሻ የተሰጠን ቦታ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ነው፤ ክዳን ስለሌለው በክረምቱ ዝናብ የሚቆምበት የለም። ተማሪው ሲቀጣ ቢሮው ውስጥ የሚያጨስ መምህር አይጠየቅም፤ የሊባኖስ ሕግ ቁጥር 174 ግን ከወጣበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ቦታ ማጨስን ያግዳል። ማኅበራችን መጮኽ ያለበት በዚህ ነው።

ስለዚህ ፊርማውን አንፈርም። በፈንታው፣ ደንቡ በመምህራኑም ላይ እንዲሠራ፣ ለማጨሻው ቦታ ክዳንና መተርኮሻ እንዲደረግለት፣ ደረጃው ደግሞ ጭስ የሌለበት መቀመጫ ሆኖ እንዲቆይልን ለአስተዳደሩ እንጻፍ። ደብዳቤውን እኔ አረቅቃለሁ፤ አረብኛውን የምታቃናውም ተስማምታለች። በሚቀጥለው ስብሰባ ይቀርባል። እስከዚያው ደረጃው ላይ ስንገናኝ ለማጨስ ተነሥቼ ብሄድ ቅር አይበላችሁ፤ ቦታዬን ብቻ ያዙልኝ።