ምስክሩ ዳኛ ሲሆን

በይፋት ቆላ ሰርግ ሲደገስ እርዱ ሁለት ነው። ክርስቲያኑ ደጋሽ በሬውን በሥላሴ ስም አሳርዶ ለወገኑ ያቀርባል፤ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ደግሞ በግ ወይ ፍየል ገዝቶ ከእነርሱው መካከል አንዱን ይጠራና "ቢስሚላህ" ብሎ እንዲያርድ ያደርጋል። ቢላዋው ለብቻ፣ ድስቱ ለብቻ፣ ወጥ ሠሪዋም ለብቻ ናት። የሙስሊሙ ሰርግ ሲሆን ተራው ይገለበጣል። ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ይህን የማያውቅ የለም፤ ወሎም እንዲሁ ነው።

በዚህ ዳስ ውስጥ "ሥጋ ሥጋ ነው፣ ዝም ብለህ ብላ" የሚል ሰው አይገኝም። እንግዳውን አታሎ የራሱን እርድ የሚያበላም የለም፤ ከተገኘ ነውሩ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። "የእናንተ እርድ ርኩስ ነው" ብሎ ማዕድ ላይ የሚጮህም እንደ ሰካራም ተደግፎ ይወጣል። ልዩነቱ በአደባባይ የታወቀ ነው፤ ማንም አይሸፍነውም፣ ማንም አይሳደብበትም። ሰዎቹ ያልተማሩ ገበሬዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የሃይማኖት ልዩነትን በሐቅና በክብር የመያዝ ጥበብ ግን ዛሬ ስልክ ላይ ተቀምጠው ስለ እምነት ከሚከራከሩት ከብዙዎቹ ይልቅ እነርሱ ዘንድ አለ።

ስልኩ ላይ ያለው ምን ይመስላል? በቲክቶክ ላይቭ፣ በዩቲዩብና በቴሌግራም "ንጽጽር" ወይም "ሙግት" የሚባል ገበያ ደርቷል። አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ይቀመጣል፣ ሌላው ቁርኣን፤ ከዚያ ሰዓቱን የሚሞላው ስድብ፣ ሳቅና የተቆረጠ ጥቅስ ነው። ተመልካቹ "አንበሳ" ይልካል፣ ስጦታው ይዘንባል። በነጋታው የ40 ሰከንድ ቁራጭ ይወጣል፤ ርእሱም "አዋረደው"፣ "አፉን አስያዘው"፣ "ሸሸ" ይላል። እስላሙም ክርስቲያኑም ይህን ያደርጋል። ይህ ጽሑፍ ግን የሚከራከረው ከክርስቲያኑ ጋር ነው፤ ምክንያቱም ክርስቲያኑ የሚያደርገውን "ወንጌል ስብከት" ብሎ ይጠራዋል።

በአማርኛ እምነትን ለሌላው መንገር "ምስክርነት" ይባላል፤ ቃሉ የፍርድ ቤት ቃል ነው። ምስክር ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ያላየውን አይጨምርም፣ ተከሳሹን አይሰድብም፣ ፍርድ አይሰጥም፤ ፍርድ መስጠት ከጀመረ ዳኛው ዝም ያሰኘዋል። አንድ ክርስቲያን "ክርስቶስ ለእኔ ይህን አደረገልኝ፣ እርሱ ጌታ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቴም ይህ ነው" ሲል ምስክር ነው። "አንተ የሲኦል ነህ፣ ነቢይህ እንዲህ ነበር፣ እናትህም በከንቱ ትሰግዳለች" ሲል ግን ከምስክር ሳጥን ወጥቶ የዳኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። በዚያ ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ በጸሎተ ሃይማኖት ላይ በየቀኑ ይደግመዋል፤ በሕያዋንና በሙታን ላይ ሊፈርድ የሚመጣው አንዱ ብቻ ነው።

"እውነት መራራ ናት፤ ክርስቶስም ገሥጿል" የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። ገሥጿል። ማንን? በማቴዎስ 23 ላይ ያ ሁሉ ወዮታ የወረደው በጻፎችና በፈሪሳውያን ላይ ነው፤ በገዛ ሃይማኖቱ መምህራን ላይ። ገበታ የገለበጠው በገዛ ሕዝቡ ቤተ መቅደስ ነው። በዚያን ጊዜ አይሁድ እንደ መናፍቅ የሚያያትን ሳምራዊት ሴት ግን ውኃ ለምኖ ነው የጀመረው። ልዩነቱን አልሸፈነም፤ መዳን ከማን ወገን እንደሆነ ፊት ለፊት ነግሯታል፤ ሳትሰደብ ግን ሄደች። ጳውሎስም አቴና ገብቶ ጣዖቱን ባየ ጊዜ መንፈሱ ተበሳጭቷል፤ አደባባይ ሲቆም ግን ስለ አምልኳቸው አክብሮ ጀመረ፣ የራሳቸውን ባለቅኔዎች ጠቀሰ። የክርስቶስን ግሣጼ የሚወዱ ሰባክያን ግሣጼውን በገዛ ደጃቸው ቢጀምሩት ሥራ አያጡም ነበር፤ የሐሰት ትንቢት አለ፣ የተሸጠ ጸበል አለ፣ የደብር ሙስና አለ።

ሌላው ጥፋት ደግሞ ብዙም አይነገርበትም፤ ውሸት ነው። በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ ባልንጀራው ሙስሊም ሲሆን አይሻርም። ሐዲሱን ከመሐል መቁረጥ፣ አረብኛ ሳያውቁ አረብኛ መተርጎም፣ አንዱ ቡድን የሠራውን በሁሉም ላይ መለጠፍ፣ ሰው የማያምነውን "ይህን ታምናለህ" ማለት በሐሰት መመስከር ነው። መመዘኛው ቀላል ነው፤ ስለ እስልምና የተነገረውን አንድ የሸዋ ሮቢት ሙስሊም ነጋዴ ሰምቶ "አዎ፣ እምነቴ ይህ ነው፤ እኔ የማልስማማው በመደምደሚያህ ነው" ሊል ይችላል ወይ? ካልቻለ የተነገረው ስለ ሌላ ነገር ነው።

ይህን በተመለከተ ሼኽ ዘካርያስን ማስታወስ ይገባል። በቤጌምድር የእስልምና መምህር ነበሩ። ቁርኣንን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ስለነበሩ ከቁርኣን እየጠቀሱ ስለ ኢየሱስ ማስተማር ጀመሩ፤ ዑለማው ተቃወሟቸው፣ እርሳቸውም ቆመው ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ1910 ተጠምቀው ነዋየ ክርስቶስ ተባሉ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ተከተሏቸው። ዛሬ ስማቸውን እንደ አርማ የሚያነሱ ተከራካሪዎች አሉ። የሚረሱት ግን ሼኹ የተከራከሩበትን መጽሐፍ ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑና ያከበሩ መሆናቸውን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሐቁ ይነገር ከተባለ ሼኹ ከቤተ መንግሥት የማስተማር ፈቃድ ነበራቸው፤ ባላንጣዎቻቸው ያ አልነበራቸውም። ክርክሩ ሜዳው እኩል የሆነ ክርክር አልነበረም።

ሜዳው እኩል አለመሆኑ በዚህ አገር የቆየ ነገር ነው። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም መኳንንት ወይ ተጠመቁ ወይ ሹመታችሁን ልቀቁ አሉ። መሐመድ አሊ ሚካኤል ሆኑ፣ አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተባሉ። ተራው ሰው ግን ቀን ቤተ ክርስቲያን ስሞ ሌሊት ቤቱ ሲሰግድ ኖረ፤ እምቢ ያለው ሸሸ፣ ሼኽ ጠልሃን የመሰሉትም አመፁ። ከዚያ ጥምቀት ምን ተረፈ? ወሎ ዛሬም በአብዛኛው ሙስሊም ነው። ከዚያ በፊት በግራኝ ዘመን የተገላቢጦሹ ተደርጎ ክርስቲያኑ በሰይፍ ሰልሟል፤ ያም ቢሆን ሰይፉ ሲርቅ ብዙው ተመልሷል። በግድ የተነገረ እምነት ዕድሜው የገዢው ዕድሜ ያህል ነው፤ ወሎና ሸዋ ሁለቱንም ቀምሰውታል።

ይፋት ራሷ ደግሞ የተለየ ትዝታ አላት። እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት የያዘው የወላስማ ሥርወ መንግሥት መቀመጫ ነበረች፤ የድሮዎቹ ከተሞች ፍርስራሽ፣ የኖራው መስጊድ ጭምር፣ ዛሬም ቆላው ላይ አለ። ከ500 ዓመት በኋላ አንኮበር ላይ የተቀመጠው ክርስቲያኑ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ይህን ቆላ ያስተዳድር የነበረው በሙስሊም ሹም በወላስማ መሐመድ በኩል ነው። ከባሕር የሚመጣው ነጋዴ የሚያልፈው በእርሱ እጅ ነበር። ንጉሡ ይህን ያደረገው ከፍቅር ብቻ አይደለም፤ ንግዱ፣ ቀረጡና የጠረፉ ጸጥታ ግድ ብለውት ነው። ቢሆንም ሁለቱም ሃይማኖታቸውን ሳይደብቁ አብረው ሠሩ።

በዚሁ ንጉሥ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1839፣ ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ አንኮበር ደረሰ። ትጉ ሰው ነበር፤ መጽሐፍ አደለ፣ ኦሮምኛ ተማረ፣ ወንጌልን መተርጎም ጀመረ። ነገር ግን አንደኛ፣ የኦርቶዶክሱን ጾምና አማላጅነት እንደ ጨለማ ቆጥሮ ነው የገባው። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ ሲመጣ ለውሉ ሥራ አጋዥ ሆነ። ወንጌል ሰባኪው የመንግሥት ጉዳይ አስፈጻሚ ሆኖ ታየ። በ1842 ከሸዋ ወጣ፤ ሊመለስ ሲል በሩ ተዘጋበት። ሰውዬው የመጣበትን ሁሉ በግልጽ ተናግሮ፣ ከመድፍና ከውል ርቆ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር መገመት ብቻ ነው። ዛሬም ስንዴ ይዞ ወንጌል የሚሰብክ ሰው ይህን ታሪክ ያንብብ። የተራበ ሰው ፊት ዱቄቱንና ጥምቀቱን በአንድ እጅ መያዝ ሌላው ዓይነት ማታለል ነው፤ በእርድ ቋንቋ ሲነገር ሳይነግሩ ማብላት ማለት ነው።

ወዲህ ደግሞ ሌላ ወገን አለ። "ታዲያ ዝም ማለት ነው የሚሻለው፤ ሃይማኖት በልብ ይበቃል፣ ሁሉም መንገድ አንድ ነው" የሚለው። ይህ ወገን ጨዋ ነው፣ ስብሰባ ላይም ይጨበጨብለታል፤ "ተቻችሎ መኖር" የሚለውን ቃል እስኪያልቅ አኝኮታል። ግን ክርስቶስ ብቸኛ አዳኝ ነው ብሎ እያመነ ለሙስሊም ወዳጁ "ያው ነው" የሚል ክርስቲያን ይዋሻል። ወዳጁም እንደሚዋሽ ያውቃል። ሙስሊሙ ራሱ "ያው ነው" አይልም፤ ዳዕዋ ግዴታው እንደሆነ ያምናል፣ መጽሐፉም በጥበብና በመልካም አነጋገር ጥራ ብሎ አዞታል። የጴጥሮስ መልእክትም ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቃችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ይላል፤ በየዋህነትና በአክብሮት ብሎም ያስራል። ተከራካሪዎቹ የመጀመሪያውን ግማሽ ወሰዱ፣ ዝምተኞቹ ሁለተኛውን። ጥቅሱ አንድ ላይ ነው የተጻፈው።

ሕጉስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 እምነትን የመያዝ ብቻ ሳይሆን የማስተማርና የመግለጽ መብት ይሰጣል፤ ማስገደድን ይከለክላል። የጥላቻ ንግግርን የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ሃይማኖታዊ ትምህርትን ከክልከላው አውጥቷል። ልክ ነው፤ ፖሊስ ስብከት እንዲመዝን የሚፈልግ ሰው ቦሩ ሜዳን ረስቷል። ነገር ግን ከአዋጁ ክልከላ ውጭ መሆን ስብከቱን የክርስቶስ አያደርገውም። "ሕግ አልጣስሁም" ማለት ለነጋዴ ይበቃ ይሆናል።

ለሸዋ ሮቢት ይህ የሐሳብ ጨዋታ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል፣ ሸዋ ሮቢትና ዙሪያዋ በእሳት ሲለበለቡ የብዙ ሰው ሕይወትና ንብረት ጠፍቷል። ግጭቱ በብሔር መስመር የተነሳ ነበር፤ የሃይማኖት ካባ ሊያለብሱት የሞከሩ ግን ጥቂት አልነበሩም። በኅዳር 2014 ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ከተማዋ ውስጥ ገባ። በሞጣ በታኅሣሥ 2012 መስጊዶች ተቃጠሉ፤ መነሻው የቤተ ክርስቲያን ቃጠሎ ወሬ ነበር። በሚያዝያ 2014 ጎንደር ላይ ከአንድ ቀብር የተነሳው ጠብ በቀናት ውስጥ ወራቤ ደርሶ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የእሳቱ መንገድ ይህን ያህል አጭር ነው። የስድብ ቪዲዮው የሚቆረጠው አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ነው፤ የሚከፈትበት ግን ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ፣ የሽንኩርትና የማሾ ጆንያ በሚጫንበት፣ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በሚገናኝበት ቦታ ነው። ተናጋሪው ከማንም ጋር ጎረቤት አይደለም። ዋጋውን የሚከፍለው ሱቁ ከሙስሊሙ ሱቅ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ክርስቲያን ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ከመቶ 34 ያህሉ ሙስሊም በሆነበት አገር ይህን ግድግዳ የማይጋራ ጥቂት ነው።

በክርስቲያኖች መካከል ያለውም ከዚህ አይሻልም። አንዱ ሌላውን "መናፍቅ" ይላል፣ ሌላው "ጣዖት አምላኪ" ይመልሳል፤ በየከተማው ለፕሮቴስታንት የመቃብር ቦታ የሚነሳው ጠብ የታወቀ ነው። ሬሳ ይዘው የሚከራከሩ ሰዎች ሙስሊሙ ስለ ክርስቶስ ፍቅር ያምነናል ብለው መጠበቃቸው ይገርማል።

ከሁሉ የከፋው ግን የ"ምስክርነት" ቪዲዮ የሚባለው ነው። ከይፋት ወይም ከወሎ የመጣ አንድ ወጣት እምነቱን ይለውጣል፤ መብቱ ነው፣ ለክርስቲያኑም ደስታ ነው። ከዚያ ካሜራ ፊት ይቀመጣል። ስሙ፣ ፊቱ፣ የቀበሌው ስም፣ የአባቱ ሥራ ይነገራል፤ ስለ ተወው ሃይማኖት ክፉ እንዲናገር ይገፋፋል፤ ሙዚቃ ይደረግበታል፣ የሒሳብ ቁጥርም ከሥር ይለጠፋል። ቪዲዮው አገር ቤት ሲደርስ እናቱ ገበያ መውጣት አትችልም። ታላቅ ወንድሙ ክብሩ የተነካ መስሎት ይነሳል። በጸጥታ፣ በዓመታት፣ በመልካም ኑሮ ከቤተሰቡ ጋር ሊነጋገርበት ይችል የነበረው በር ተዘጋ። ቻናሉ ስድስት ሺህ ተከታይ ጨመረ እንበል፤ ወጣቱ ቤቱን አጣ።

ያንኑ ቻናል የያዘው ሰው የገዛ እህቱ ሙስሊም አግብታ ብትሰልም፣ ሌላው ወገን ደግሞ ፊቷን ሰሌዳ ላይ አድርጎ "አል-ሐምዱ ሊላህ፣ ከጨለማ ወጣች" ብሎ የሰፈሯን ስም ጠርቶ ቢለቅቃት ምን ይላል? ስልኩን አንስቶ የሚያመለክትበት ቢሮ ይፈልጋል። እናቱ ለቅሶ እንደተቀመጠች ናት። ያን ቪዲዮ አውርዱልኝ እንደሚለው ሁሉ የሰቀላቸውን አሁኑኑ ያውርዳቸው፤ የወጣቶቹም እናቶች አሁንም ሸዋ ሮቢት ገበያ ይወጣሉ።