የመስክ ትምህርት የመጀመሪያው የቁጠባ ሰለባ አይሁን

በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መሥመር ቅልጥ ዐለት ከሥር ሰርጎ የምድርን ቅርፊት እስከ 8 ሜትር አራርቋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ነጥቆናል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌ ዙሪያ የተደጋገመው ርዕደ መሬት በአስር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። እንዲህ ባለች ምድር ላይ ለሚኖር ሕዝብ የጂኦሎጂ ተማሪዎች የመስክ ውሎ የዩኒቨርሲቲዎች የውስጥ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊታይ አይችልም።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚያሻግረው የዓባይ ሸለቆ መንገድ የመስክ ውሎ ምን እንደሚያስተምር ምስክር ነው። ተማሪው ከታች ያለውን አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ጂፕሰም፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋዩን፣ ከአናቱም የእሳተ ገሞራውን ባዛልት በእግሩ እየወጣ ይለያል፤ የንብርብሩን ዘመም በኮምፓስ ይለካል፤ ያየውን በማስታወሻው ይመዘግባል፤ በመጨረሻም ካርታ ይሠራል። የዐለቶቹን ስም መጽሐፍ ሊያስተምረው ይችላል፤ ውኃው በየት በኩል እንደሚሰርግ፣ ተዳፋቱ ለምን እንደሚከዳ፣ ይኸው መንገድ ራሱ በመንሸራተት ስለምን በተደጋጋሚ እንደሚጎዳ የሚያስተውል ዐይን ግን የሚገኘው በቦታው ተገኝቶ በመድከም ነው።

የተሽከርካሪ፣ የነዳጅና የአበል ወጪ ከባድ መሆኑን፣ የጸጥታ ችግርም አንዳንድ የጥናት ስፍራዎችን እንደሚዘጋ አንክድም። የተማሪዎችና የመምህራን ሕይወት ከማንኛውም ትምህርት ይቀድማል። ይሁን እንጂ ስፍራው አስጊ ሲሆን ጥናቱን ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር ኃላፊነት ነው፤ ጨርሶ ሰርዞ ተማሪውን ሙሉ ውጤት እንዳገኘ ቆጥሮ ማስመረቅ ግን ኃላፊነትን መሸሽ ነው። የጎደለው የመስክ ቀን በተማሪው የውጤት ሰነድ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ነገ ግድብ በሚቆምበት፣ ጉድጓድ በሚቆፈርበት፣ ተፈናቃይ በሚሰፍርበት መሬት ላይ ሙያዊ ምስክርነቱን ሲሰጥ ግን ጉድለቱ የሕዝብ ዕዳ ይሆናል።

የተማሪዎች ስኬትም መመዘን ያለበት በዚሁ ሚዛን ነው። ለመመረቂያ ጽሑፉ ተዳፋት ለተዳፋት ተዘዋውሮ ስንጥቁን የለካ፣ ምንጩ መቼ እንደደፈረሰ የአገሬውን ሽማግሌዎች ጠይቆ የመዘገበ ወጣት ለማዕረግ ብቻ ሳይሆን ለአገር ሠርቷል። ሥራው በመደርደሪያ ላይ ቢቀር ግን በዚያ ተዳፋት ግርጌ የሚኖረው ገበሬ ከድካሙ ምንም አይጠቀምም።

ስለዚህ የጋዜጣችን አቋም ግልጽ ነው። ትምህርት ሚኒስቴርና ዩኒቨርሲቲዎች የመስክ ትምህርትን በጀት ለሌላ ወጪ በማይነካ ርዕስ ሊይዙት ይገባል። ከምሩቃኑ ሙያ የሚጠቀሙ የማዕድን፣ የውኃና የመንገድ ተቋማት የወጪውን ድርሻ ሊሸከሙ፣ የትምህርት ክፍሎችም የተማሪዎቻቸውን ካርታዎችና ጥናቶች ለኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩትና ለሚመለከታቸው ወረዳዎች ሊያስረክቡ ይገባል። የመስክ ሥራውን ያላሟላ ተማሪም እስኪያሟላ ድረስ በጂኦሎጂ ሊመረቅ አይገባም።