ካይዘን የዘመቻ ሥራ አይደለም

ነጋዴ የገበያውን ዋጋ አይወስንም፤ ወጪውን ግን ይወስናል። የቡና ላኪው የሚሸጥበት ዋጋ መነሻው የኒውዮርክ ገበያ ነው። የብር ምንዛሪም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። በላኪው እጅ የቀረው መጋዘኑ፣ ማበጠሪያውና ሠራተኛው ነው።

ጃፓኖች ካይዘን የሚሉት ያልተቋረጠ የአሠራር ማሻሻያ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በጃይካ ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞክሯል፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። ሥልጠናው አልጠፋም፤ ያነሰው ልማዱ ነው። አሠልጣኝ ሲመጣ ወለል ይጠረጋል፣ ሰሌዳ ይሰቀላል፤ አሠልጣኙ ሲሄድ ሰሌዳው አቧራ ይጠጣል።

ጥፋቱን በሠራተኛው ስንፍና ማላከክ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ የካሊፎርኒያው ፍሪሞንት ሌላ ያስተምራል። በዚያ የነበረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ በ1982 ተዘጋ። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ሲከፈት ከተቀጠሩት አብዛኞቹ የቀድሞዎቹ ሠራተኞች ነበሩ። አሁን ግን ጉድለት ያየ ሠራተኛ ገመድ ስቦ መስመሩን እንዲያስቆም ተፈቀደለት። ፋብሪካው ብዙም ሳይቆይ በጥራት ከኩባንያው ምርጦች ተርታ ገባ። ሰዉ ያው ነበር፤ የተለወጠው አሠራሩ ነው።

በአገራችን ብክነቱ የት እንዳለ ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ የሚያውቁት ጫኝና አውራጁ፣ ለቃሚዋና መጋዘን ጠባቂው ናቸው። የማይናገሩትም በምክንያት ነው። ጉድለት የጠቆመ ይወቀሳል፤ ሥራ ያቀለለ «ትርፍ ሰው» ተብሎ ይቀነሳል፤ የዳነው ገንዘብ በሙሉ የባለቤቱ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ሁለተኛ ሐሳብ የሚያቀርብ አይገኝም።

«አምስት ሠራተኛ ላለው የመርካቶ ሱቅ ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። ዕቃ ፍለጋ በቀን ግማሽ ሰዓት የሚያባክን አንድ ሠራተኛ በ300 የሥራ ቀን 150 ሰዓት ያጠፋል። ይህም በቀን 8 ሰዓት ሲሰላ ከ18 የሥራ ቀን ይበልጣል፤ ደመወዙ ግን ተከፍሏል።

መፍትሔው ብዙ ካፒታል አይጠይቅም። በየሳምንቱ አንድ ብክነት ይመረጥ፤ በኪሎ፣ በሰዓት ወይም በብር ይለካ፤ የተገኘው ማሻሻያ የድርጅቱ ደንብ ይሁን። ከዳነው ገንዘብ ሐሳቡን ያመጣው ሠራተኛ ይካፈል፤ በማሻሻያ ምክንያት ማንም እንደማይቀነስም አስቀድሞ ይነገረው። ይህን ቃል ለመስጠት የሚያመነታ ባለሀብት ለሥልጠና የሚያወጣውን ገንዘብ ቢቆጥበው ይሻለዋል።