ሦስት ስም፣ አንድ ጦር

ከወርቃ እስከ ዲላ ያለ የጌዴኦ ሰው የሥልጣን ርክክብ ምን እንደሚመስል ያውቃል። በባሌ ሥርዓት አባ ገዳው በየስምንት ዓመቱ ያስረክባል። ሦስት ግዛቶች በአንድ አባ ገዳ ሥር ተሳስረው የኖሩትም በዚህ ሥርዓት ነው። ሰው ቢቀየርም የማን ግዴታ ምን እንደሆነ አይጠፋም።

የአፍሪካ ኅብረት በሶማሊያ ያሰማራው ጦር ግን ስሙን ሲቀያይር ዋናው ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷል። አሚሶም እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ሲቋቋም የተሰጠው ዕድሜ ስድስት ወር ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ቆየ። በሚያዝያ 2022 አትሚስ፣ በጥር 2025 ደግሞ አውሶም ተባለ። ማን ይከፍላል? ዛሬም አልተቋጨም።

የወታደሩን አበል ለዓመታት የሸፈነው የአውሮፓ ኅብረት ነው። በ2016 ድጋፉን በ20 በመቶ ሲቀንስ ወታደር ያዋጡት አገሮች ጮኹ፤ ከመጮህ በቀር ምን ሊያደርጉ? በታኅሣሥ 2023 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 2719 ለኅብረቱ ዘመቻዎች እስከ 75 በመቶ ከተመድ መዋጮ እንዲሸፈን በር ከፈተ። ለሶማሊያው ጦር ሲሆን ግን አሜሪካ አልተስማማችም፣ በሩም ገርበብ እንዳለ ቀረ።

የኢትዮጵያ ቦታ ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው። በ2006 መጨረሻ በራሷ ውሳኔ ገባች፣ በጥር 2009 ወጣች፣ በ2011 ተመለሰች። አሚሶምን በይፋ የተቀላቀለችው በጥር 2014፣ 4,395 ወታደር ይዛ ነው። ከዚያ ውጪ በሁለትዮሽ ስምምነት የገባ ሌላ ጦርም ነበራት። አንድ እግር ከውስጥ፣ አንድ እግር ከውጪ።

ይህ አቋም ለአዲስ አበባ ይመቻል፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ መንቀሳቀስ ያስችላልና። ጥምረቱን ግን ያዳክማል። በጥቅምት 2016 የኢትዮጵያ ጦር ቲየግሎን ለቅቆ ሲወጣ አልሸባብ ወዲያው ገባ። መንግሥት የወጣው ኃይል የአሚሶም አካል እንዳልሆነ ገለጸ፣ የዓለም ማኅበረሰብ ድጋፍ ማነሱንም አማረረ። አማረሩ ትክክል ነበር። ከተማዋን ያጣው ሕዝብ ግን የትኛው ወታደር በየትኛው ስምምነት እንደቆመ ማወቅ አይጠበቅበትም።

በጥር 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ሌላውን ድክመት አሳየ። ሞቃዲሾ የኢትዮጵያን ጦር በአዲሱ ተልዕኮ እንደማትፈልግ ተናገረች፣ ከግብፅ ጋርም የመከላከያ ስምምነት ፈረመች። በታኅሣሥ የአንካራው መግለጫ ባይመጣ ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት የሞተለትን ግንባር የኢትዮጵያ ወታደር በዲፕሎማሲ ጠብ ብቻ ለቅቆ በወጣ ነበር።

ስለዚህ ኢትዮጵያ በአውሶም ውስጥ ልትጠይቅ የሚገባት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ገንዘቡ በዓመት በዓመት ልመና ሳይሆን በቋሚ መዋጮ ይሸፈን፤ ለዚህ አባል አገራት ራሳቸው ለኅብረቱ የሰላም ፈንድ ኪሳቸውን መክፈት አለባቸው፣ ኢትዮጵያንም ጨምሮ። ሁለተኛ፣ የሁለትዮሹ ጦር በተልዕኮው ዕዝ ሥር ይግባ፣ ወይም ለምን እንደማይገባ ፓርላማው ተነግሮት በአደባባይ ይከራከርበት።

ሌላም አለ፣ ይህ ኒውዮርክ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ልጁን ወደ ሶማሊያ የሸኘ ገበሬ ስንቱ እንደሞተ በየዓመቱ በይፋ ሊነገረው ይገባል። ለዚህ የጸጥታው ምክር ቤት ድምፅ አያስፈልግም፤ የመከላከያ ሚኒስቴር አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል።