ለልጅ እንቅልፍ ቁጥር ወይስ እሹሩሩ?



ቅዳሜ ልጆቻችንን ክፍል አስገብተን ቆመን ስናወራ፣ የእንቅልፍ ነገር ሳይነሳ አይቀርም። “528 ሄርዝ ክፈቺላት፣ ወዲያው ነው የምትተኛው” ይላል አንዱ። ሌላዋ “የሚፈውሰውስ 432 ነው” ትላለች።

ሄርዝ ድምፅ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የምንለካበት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሙዚቀኞች መሣሪያ የሚቃኙበት 440 ሄርዝም በ1955 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆኖ የጸደቀ ስምምነት ነው እንጂ ሰው የሚያሳምም ነገር አይደለም። 432 ወይም 528 የተለየ የመፈወስ ኃይል እንዳለው የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ዝግ ያለ፣ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ግን ያረጋጋል፤ ይሄን አልክድም።

ማሽኑን የምትጠቀሙ ከሆነ ድምፁን ቀንሱት። በ2014 እ.ኤ.አ. 14 የሕፃናት ማስተኛ ድምፅ ማሽኖች ተፈትሸው ነበር። እስከ መጨረሻ ተከፍተው ከአልጋው አጠገብ ሲሆኑ፣ ሁሉም ለሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ከሚመከረው 50 ዴሲቤል አልፈዋል። ስለዚህ ቢያንስ 2 ሜትር አርቁት፤ ልጁ ሲተኛም አጥፉት።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ልጆቻችን የሚሰሙት የውጭ ቋንቋ ነው። የመኝታ ሰዓት ለብዙዎቻችን በቀን ውስጥ የቀረችን የአማርኛ ሰዓት ናት። እሷንም ለስልክ እንስጣት?

አራስ ልጅ የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ይለያል። አንድ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ጆሮው ደጋግሞ ወደሚሰማው ቋንቋ ድምፆች ማድላት ይጀምራል። እዚህ ትምህርት ቤት ልጆቻችንን የሚያስቸግሯቸው ቀ፣ ጠ እና ጨ ናቸው። እነዚህን ድምፆች 528 ሄርዝ አያስተምርም፤ የእናንተ እሹሩሩ ግን ያሰማል።

“ድምፄ አያምርም” አትበሉ፤ ልጅ ዳኛ አይደለም። አባቶችም ብትሆኑ ይሄ የእናት ሥራ ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት። ማታ ሥራ የምትገቡ፣ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ተዉላቸው፤ እንደ ራሳችሁ ባይሆንም ከባዶ ጩኸት ይሻላል። አገር ቤት ያለች አያትም በስልክ ታንጎራጉርላቸው።

እስቲ ዛሬ ማታ ቪዲዮውን ዝጉና አምስት ደቂቃ እናንተ እሹሩሩ በሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ እንዴት እንደነበር እንጨዋወታለን።